ሴንትራል የሰማችው ድምፅ

ዶክተር ሐኪም አልነበረም። ነጭ ጋዋን ለብሶ አያውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት የለበሰው ሰማያዊ ቱታ ነው፤ እሱም በቅባት ከመጥቆሩ የተነሳ ሰማያዊነቱ የሚታወቀው ብብቱ ሥር ብቻ ነበር። ስሙን ያወጡለት የጋራዥ ባልደረቦቹ ናቸው። የታመመ ሞተር ሲመጣ ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሳል፤ የብረቱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ሥር ያስደግፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ዙሪያውን የቆመ ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ፣ «ሁለተኛው ቫልቭ ነው» ይላል። ሲፈታ ሁለተኛው ቫልቭ ሆኖ ይገኛል። ደመወዝ የሚከፈለው ግን ለዚህ አልነበረም። ሥራው ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት መላጥ ነው፤ ሞተር ማዳመጡ ምርቃት ነበር።

ባለቤቱ ደግሞ ሴንትራል ትባላለች። ይህን ስም ያወጣላት ራሱ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጣ መስመር ስታገናኝ ኖራለች፤ ያኔ ሰው ሩቅ ላለ ዘመዱ ለመደወል መጀመሪያ ከእሷ ጋር እንደምን አደርሽ መባባል ነበረበት። የደወለው ሰው ሃሎ ሳይል በአተነፋፈሱ ታውቀዋለች። የተጣላውን ካፈቀረው፣ መርዶ ሊያረዳ የደወለውን ለወሬ ከደወለው ትለያለች። ልጃቸው ትምህርት ቤት የገባች ቀን የእናትሽ ስም ማን ነው ስትባል «ሴንትራል» ብላ መዝገብ ላይ አስጽፋለች። እሱን ለማስፋቅ ሁለት ቀን ተመላልሰዋል፤ ዶክተር ግን በሁለቱም ቀን እየሳቀ ነው የተመለሰው።

እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የተካኑ ጆሮዎች ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ጣጣው የመጣው አንደኛው ጆሮ ጌታውን ሲከዳ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከቀይዋ ነው። ዶክተር የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሳለ አንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል ነበረችው። ከአንድ ክትባት ዟሪ የጤና ረዳት እጅ ነው የገባችለት፤ መሪዋ ተንጋዶ፣ ኮርቻዋ በገመድ ታስሮ። ስድስት ወር ፈታትቶ ገጣጥሞ እንደ ልቡ አደረጋት። ድምጿንም እንደ ልቡ አስተካከለው፤ በከተማው ሌላ እንደ እሷ የምትናገር ሞተር ሳይክል አልነበረችም። ሴንትራል በዚያን ጊዜ ከወላጆቿ ጋር ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ትኖር ነበር። በተጋቡ ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ፣ «ገና ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ እኮ እሰማህ ነበር» አለችው። እንዲሁ የተነገረ ነገር ነው፤ ተናግራው ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። እሱ ግን ያችን ንግግር ልቡ ውስጥ ቆልፎ አስቀመጣት።

ልጃቸው ስትወለድ ቀይዋ ሄደች። ሦስት ሰው አትጭንም፤ በእሷ ምትክ አልጋና ቁም ሣጥን ገባ። ገዢው አስነስቶ ሲወስዳት ዶክተር በር ላይ ቆሞ ድምጿ እስኪጠፋ አዳመጠ። ለሌላው ሰው ከጠፋ በኋላም ለእሱ ብዙ ቆይቷል። ቁም ሣጥኑን እስከ ዛሬ አይወደውም፤ በሩ ባንቋረረ ቁጥር በክፉ ዓይን ያየዋል።

ሠላሳ አምስት ዓመት አለፈ። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ የእንግዳ ክፍሉን ምንጣፍ ጠቅልሎ ሶፋውን ወደ መኝታ ቤት ገፋና፣ ክፍሉ መሐል አንድ የዛገ የሞተር ሳይክል ሻንሲ ይዞ ገባ። ፖስታ የሚያድል ሰው ሲነዳት ኖሮ የተጣለች ነበረች።

«እንግዳ ሲመጣ የት ይቀመጥ?» አለች ሴንትራል።

«እንግዳ የሚመጣው በዓመት ሁለቴ ነው። እኔ እዚህ ያለሁት በየቀኑ ነው።»

ምን ሊሠራ እንደሆነ ከመጀመሪያው ነገራት። ድምጿ እንደ ቀይዋ የሆነ ሞተር ሳይክል ሠርቶ ከኋላው ሊያስቀምጣትና ያንን ድምፅ እንደገና ሊያሰማት ነው። ሌላ ሐሳብ የለውም። ሴንትራል የፖስታውን ሰው ዝገት አየችና፣ «በዚህ ዕድሜዬ?» ብላ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። በሩን ግን አልዘጋችውም።

ሥራው ስድስት ዓመት ፈጀ። ሞተሩ የመጣው የቤቱ ጣሪያ ከተደረመሰበት አንድ ሰው ግቢ ነው፤ የፊት ሹካው ከሌላ፣ የኋላ ጎማው ከሌላ። የነዳጅ ጋኑን ከላሜራ በመዶሻ ራሱ ቀጠቀጠው፤ አራቱ ተበላሽተው አምስተኛው ጋን መሰለ። ከተበላሹት አንዱን ሴንትራል አፈር ሞልታ አበባ ተከለችበት። ቸርኬውን ለማቅናት ክፍሉ መሐል በሁለት ወንበር ላይ አጋድሞ ያሽከረክረዋል፤ ከጎኑ ጠመኔ ይዞ ይጠብቃል፤ ጠመኔው የነካው ቦታ የተንጋደደ ነው፤ ሽቦውን ያጠብቃል፣ እንደገና ያሽከረክራል። በዚህ ዓይነት አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት አለፈ።

ኮርቻው ላይ ከሁሉም በላይ ተጨነቀ። የሴንትራል ግራ ጉልበት ደረጃ ሲወጣ ያማታል፤ እግሯን አንስታ ከፍ ያለ ነገር ላይ መውጣት አትችልም። ስለዚህ ሻንሲው ከኋላ ተቆርጦ ዝቅ ማለት ነበረበት። የቀለም ቆርቆሮ ደርድሮ፣ እሷን ላዩ ላይ አስቀምጦ፣ እግሯ የት እንደሚያርፍ በሜትር ሲለካ ዋለ።

«ልብስ ሰፊ እንኳን እንዲህ ለክቶኝ አያውቅም» አለች።

ሻንሲውን የቆረጠውና የበየደው በያጁ ነው። በያጁ ከዶክተር አምስት ዓመት ያንሳል፤ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል፤ አሁን የራሱን ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። እጁ ልዝብ፣ አፉ ግን ብረት የሚቆርጥ ሰው ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማሽኑን በጋሪ እየገፋ ይመጣል። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ከሞተሩ የምታገናኘዋን ቱቦም የሠራት እሱ ነው። በዚያች ቱቦ ብየዳ ይኮራ ነበር፤ ለመጣ ሰው ሁሉ በጣቱ ያስነካታል።

አሁን ወደ ጆሮው እንምጣ። ብረት ሲላጥ የሚያወጣው ፉጨት አለ፤ ቀጭን፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ። ዶክተር ይህን ሠላሳ አራት ዓመት ጥጥ እንኳ ሳይወትፍ ጠጥቶታል። መጀመሪያ የጠፉት ወፎቹ ናቸው። አንድ ማለዳ ግቢ ቆሞ፣ ወፎቹ ሰፈር የለቀቁ መሰለውና አዘነ። ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት ጠፋ፤ ሁለት ማንቆርቆሪያ አቃጠለ። ከዚያ የሴቶችና የሕፃናት ንግግር ጫፍ ጫፉ እየተበላ ይመጣለት ጀመር። ዶክተር ይህን ለማንም አልተናገረም። ዘዴ ፈጠረ፤ ሰው ሲያወራ ከንፈር ከንፈሩን ያያል፣ ሌላው ሲስቅ ይስቃል፣ ግራ ሲገባው ራሱን ይነቀንቃል። በዚህ ራስ መነቅነቅ ምክንያት መሰላሉን ለጎረቤት ለሦስት ወር አውሷል፤ ማን እንደወሰደው ግን አያውቅም ነበር።

ልጃቸው ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። እሑድ በመጣች ቁጥር፣ «አባዬ፣ ጆሮህን እንታይ እንጂ» ትላለች። እሱ መልስ አያጣም።

«ሰው እንጂ ሞተር መስማት አላቆምኩም። የሰው ወሬ ደግሞ ቢቀርብኝ ምን እጎዳለሁ?»

ይስቃሉ፤ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ይህችን ቀልድ ደጋግሞ ከመናገሩ የተነሳ ቤቱ ሁሉ አመናት፤ ራሱም አመናት።

በስድስተኛው ዓመት ሞተር ሳይክሏ ቆመች። ደብዛዛ ቀይ ቀለም፣ ዝቅ ያለ ኮርቻ፣ ለሴንትራል እግር ሰፊ ማረፊያ። የቀረው ድምፁን ማስተካከል ብቻ ነው። ካርቡራተሩ ውስጥ የምትገባ፣ መሐሏ የተበሳች ትንሽ የነሐስ ቡሎን አለች፤ ቀዳዳዋ ሲሰፋ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ሲጠብ ነዳጅ ይጠማዋል። ዶክተር በበያጁ ሱቅ በተከራያት አሮጌ ቶርኖ አምስት ዓይነት ቡሎን ሠርቶ ክብሪት ቤት ውስጥ ደርድሯቸዋል። ሰፊዋን አስገብቶ አስነሳ። ድምፁ ታፍኖ፣ ከብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ መሰለው። ጠበብ ያለችውን ሞከረ። አሁንም ታፈነ። ይበልጥ አጠበበ። በመጨረሻ አምስተኛዋን፣ የሁሉንም ጠባብ አስገባና፣ «አሁን ጠራ» አለ። የታፈነው ጆሮው እንደሆነ አልገባውም። ወይም ገብቶት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ከራሱም ይደብቃል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎረቤቱ በር በር ላይ ወጣ። በያጁ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሴንትራል ግቢው በር ላይ በወንበር ተቀመጠች፤ መጀመሪያ ለብቻው ሁለት ሦስት ጊዜ ሊሞክራትና ከዚያ ሊያሳፍራት ነው። ዶክተር አስነሳ። ሰው አጨበጨበ። ዳገቱን ወጣ፣ ዞሮ ወረደ፣ በሴንትራል ፊት ሲያልፍ አገጩን ከፍ አድርጎ ነበር። ሁለተኛም ወጣ። በሦስተኛው ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ ጓ ብሎ ነከሰ፤ ውስጡ ተጣብቆ ቀረ። የኋላው ጎማ ቆልፎ አስፋልቱ ላይ ተንሸራተተ፤ ዶክተር ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሪሲዮን ይዞ በቁሙ ዳነ። ከዚያ ወርዶ፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት፣ ሞተር ሳይክሏን ቁልቁል እየገፋ ተመለሰ።

ላብ በላብ ሆኖ ነው ግቢ የገባው። በያጁ ሮጦ፣ «ምን ሆነች?» አለው።

«ምን ትሆናለች? የበየድካት ቱቦ አየር አስገባች። ሞተሩን ደረቅ አድርጋ አቃጠለችው።»

በያጁ ኩም አለ። ቱቦዋን በጣቱ ዳሰሳት፤ ዶክተር ፊቱን አዞረ። ጎረቤቱ ሰምቷል። አፉ ብረት የሚቆርጠው ሰው አንድም ቃል ሳይተነፍስ የማሽኑን ጋሪ እየገፋ ወጥቶ ሄደ፤ ቀጣዩ ቅዳሜ መጣ፣ በያጁ አልመጣም። የሚቀጥለውም መጣ።

ዶክተር ሞተሩን የፈታው ሰኞ ዕለት ብቻውን ነው። ነዳጁን የምትለኩሰዋን ካንዴላ ነቅሎ በመስኮቱ ብርሃን አያት። ጫፏ እንደ አመድ ነጥቷል። በደንብ የተስተካከለ ሞተር ካንዴላ እንደ ዳቦ ቅርፊት ቡናማ ይሆናል፤ ነጭ ከሆነ ነዳጅ ተጠምቷል ማለት ነው። ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። የፒስተኑ ራስ በጥቃቅን ተበሳስቷል፤ ሞተር እንዲህ ከመሆኑ በፊት ደግሞ ይጮሃል፣ ቀጭን ጭርጭርታ እያሰማ ይለምናል። ቱቦዋን በሳሙና ውኃ ነክሮ ነፋት፤ አንዲትም አረፋ አልወጣችም። ብየዳው እንደ ድንጋይ ነው። ካንዴላዋን ኪሱ ውስጥ ከተተና ሞተር ሳይክሏን በአሮጌ አንሶላ ሸፈናት። ሴንትራል ምሳ ስትጠራው፣ «ለቁራሊዮ እሰጣታለሁ» አለ።

ሁለት ሳምንት ፊቱን አጥቁሮ ተቀመጠ። አላስበላ አላስጠጣ ያለው የሞተሩ መንከስ አልነበረም። ዳገቱ ላይ ያ ጭርጭርታ እግሮቹ መሐል ሲጮህ እንደነበር ያውቃል፤ እሱ ግን ምንም አልሰማም። የሰማው የጠራ ድምፅ ነበር። ሰው ድሮ የሚያውቀው ነገር ሲከዳው ያማል፤ ዶክተርን ግን ከሕመሙ በላይ ፍርሃት ያዘው። ሞተር የማይሰማ ከሆነ ምን ቀረው?

አንድ ከሰዓት በኋላ ሴንትራል ሻይ ይዛ ገብታ ከተሸፈነችው ሞተር ሳይክል አጠገብ፣ በቀኙ በኩል ተቀመጠች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ የሚሻለው ጆሮው ቀኙ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ በቀኙ ነው የምትቀመጠው፤ እሱ ግን አስተውሎት አያውቅም።

«አንድ ነገር ልንገርህና አትቆጣ» አለች።

«ምን?»

«ሰምቼው ነበር።»

«ምኑን?»

«ጭርጭር የሚለውን። ቆርቆሮ ውስጥ አዝራር ሲናጥ ይመስላል። መጀመሪያ ዳገቱን ስትወጣ ሰማሁት፣ በሁለተኛውም ሰማሁት። ልክ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ብድግ ብዬ ልጠራህ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«የምትነዳው አንተ፣ ዶክተር የምትባለው አንተ። ሠላሳ አራት ዓመት ስለ ሞተር ድምፅ ማንም ነግሮህ አያውቅም። እኔ ማን ነኝና ልንገርህ? ሰው እንጂ ሞተር መስማት አላቆምኩም ትለን የለም እንዴ? እየሰማህ ሆን ብለህ ያደረግከው መሰለኝ። ከዚያ ሲነክስ አንጀቴን በላኝ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ የለኝም።»

ዶክተር ሻዩን አየው። ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ ካንዴላዋን አወጣና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ቱቦዋ ደህና ናት። እኔ ነኝ ያልሰማሁት» አለ።

ይህን ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ሴንትራል ነጭዋን ካንዴላ እያገላበጠች አየቻት። እሷ የጠፋበት የሰው ወሬ ብቻ መስሏት ነበር፤ የሞተር ድምፅ ሊጠፋበት ይችላል ብላ አስባ አታውቅም። አሳዘናት፤ እንደታዘነለት ቢያይ ግን ይበልጥ እንደሚጎዳው አወቀች፤ ስለዚህ ተቆጣች።

«ታዲያ ያንን ምስኪን ሰው ለምን በሰው ፊት አዋረድከው?»

 በማግሥቱ ጠዋት ዶክተር ወደ በያጁ ሱቅ ሄደ። በያጁ ጭንብሉን ፊቱ ላይ ደፍቶ የመስኮት ፍርግርግ እየበየደ ነበር፤ ሁለት ደንበኞች ቆመው ይጠብቃሉ። ዶክተር ብየዳው እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። እነዚያ ሁለቱ እንዲወጡም አልፈለገም፤ ስድቡ በሰው ፊት ነበር፣ ይቅርታውም በሰው ፊት መሆን አለበት ብሎ ነው የመጣው።

«ቱቦዋ ምንም የላትም» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠባቧን ቡሎን አስገብቼ ሞተሩ ሲጮህ አልሰማሁም። ጆሮዬ ሄዷል።»

በያጁ ጭንብሉን አነሳ።

«እናውቃለን» አለ።

«ማን ነው የሚያውቀው?»

«ጋራዡ ሁሉ። ጡረታ ከመውጣትህ ሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ። አለቃችን ራሱ፣ መጀመሪያ ዶክተር ይስማው፣ ከዚያ እሱ ሳያይ እናንተ እዩት ይለን ነበር። አንተ ሁለተኛው ቫልቭ ነው ትላለህ፤ እኛ ሌላውን እንጠግንና ሁለተኛው ቫልቭ ነበር እንልሃለን።»

ዶክተር አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። እነዚያ ሦስት ዓመታት በዓይኑ ዞሩ፤ ካቻቢቴው፣ ዝምታው፣ «ይሄ ሰው ጉድ ነው» የሚሉት ነገር።

«ምነው አንዳችሁ እንኳ ብትነግሩኝ?»

«እኔ ልነግርህ ስንቴ ተነስቼ ተቀምጫለሁ» አለ በያጁ። «ግን ዓይንህን ጨፍነህ ያቺን ካቻቢቴ ጆሮህ ላይ ስታደርጋት ጋራዡ ጸጥ ይል ነበር። ያ ጸጥታ ደስ ይለን ነበር። እሱን ማን ያፍርሰው?» ከዚያ ጭንብሉን መልሶ ሊደፋ ሲል ቆም አለ። «ቱቦዋ ግን አየር አታስገባም። ይቅርታህ ላይ እሷንም ጨምርበት።»

«ጨምሬያለሁ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ለሞተሩ አዲስ ፒስተን ገባለት። ሲሊንደሩን ራሱ አለሰለሰው፤ ለዚህ ጆሮ አያስፈልግም፣ ጣቶቹ እንደ ድሮው ናቸው። ድምፁ ላይ ሲደርስ ግን አንሶላውን ገልጦ፣ «ነይ፣ ሴንትራል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ያንቺ ነው» አላት።

መጀመሪያ በቆመበት አስተካከሉት። እሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ ካቻቢቴውን የአየር ማስተካከያ ቡሎኑ ላይ ያደርጋል፤ እሷ ከኋላው በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጇን ትከሻው ላይ ታሳርፋለች። አንድ ጊዜ መታ ካደረገችው ይከፍታል፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ያጠብቃል። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ስልክ ቤት ማዳመጫዋን አጥልቃ ስትቀመጥ የነበረው ፊት ነው። በያጁ የሆነ ነገር ሊያወራ አፉን ሲከፍት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ጣቷን ወደ እሱ ቀሰረች። ሠላሳ ዓመት ማንም ዝም ያላሰኘው ሰው ዝም አለ።

ቡሎኖቹ ግን የሚፈተኑት ዳገት ላይ ነው። ሞተር እውነቱን የሚናገረው ሸክም ሲከብደው ስለሆነ ሴንትራል ከኋላ መቀመጥ ነበረባት። ኮርቻው ዝቅ ያለ ነው፤ የግራ እግሯን አንስታ ያለ ማንም እርዳታ ተቀመጠች። ዶክተር ስድስት ዓመት ይህችን ሰዓት ሲያልማት ሰው መንገድ ዳር ቆሞ፣ እሱ ደረቱን ነፍቶ ነበር። የሆነው ሌላ ነው፤ ክብሪት ቤቷ ደረት ኪሱ ውስጥ፣ እሷ ከኋላው አንገቷን አዘንብላ፣ ሁለቱም ሥራ ላይ።

በሰፊዋ ቡሎን ዳገቱን ወጡ። «ይሄኛው ያስለዋል» አለች። ወርደው ቀየሩ። «አሁን ቀለል አለው፤ ግን ከላይ ሲደርስ ይተነፍሳል።» ቀየሩ። በሦስተኛዋ ወጡ፤ ምንም አላለችም። ዞረው እንደገና ወጡ፤ አሁንም ምንም አላለችም፤ ሙሉ መዳፏን ብቻ ጀርባው ላይ አሳረፈች። አራተኛዋን ለማረጋገጥ ሲያስገቡ ገና ዳገቱ እግር ላይ፣ «ጀመረው፣ ያ አዝራር» ብላ ትከሻውን ጨብጣ አስቆመችው። በሦስተኛዋ ተመለሱ። ካንዴላዋን ነቅሎ አያት፤ የዳቦ ቅርፊት ሆናለች። ለእሷም ሰጥቶ አሳያት።

ከዚያ ወደ ቤት መግባት ነበረባቸው። ሴንትራል ግን፣ «እንግዲህ ከወጣን አይቀር» አለች፤ እሱም ወዴት እንደሆነ አልጠየቀም። በገበያው ጀርባ፣ በድሮው ስልክ ቤት በር አልፈው ወላጆቿ ይኖሩበት ወደ ነበረው ሰፈር ወጡ። ወፍጮ ቤቱ አሁን የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ዶክተር እዚያ ሲደርስ መንገዱ ዳር አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ዘወር አለ። ስድስት ዓመት የተንከራተተላትን ጥያቄ ጠየቃት።

«እንደ ቀይዋ ነው?»

አዎ ብትለው ያምናታል። የሚያረጋግጥበት ነገር የለውም፤ የቀረው ጆሮ የእሷ ብቻ ነው። ሴንትራል ይህን አውቃለች። ሞተሩን ትንሽ አዳመጠችው።

«አይደለም» አለች። «ቀይዋ ትንጫጫ ነበር። ይሄ የተረጋጋ ነው። ጥሩ ሞተር ነው፤ ግን እሷ አይደለችም።»

የዶክተር ፊት ጠቆረ። «ያንን ድምፅ ላሰማሽ ነበር እኮ» አለ። «እዚህ ስትደርስ እሰማህ ነበር ብለሽኝ።»

«እሰማህ ነበር። አባቴም ይሰማህ ነበር፣ ሰፈሩም ይሰማህ ነበር፤ ስለዚያ ድምፅ ስንት ቀን ተቆጥተውኛል። ወድጄዋለሁ መቼ አልኩህ?» ሳቀች። «እኔ የምጠብቀው ሲጠፋ ነው። እዚህ ጋ አባቴን ፈርተህ ታጠፋዋለህ፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ያለ ድምፅ ትመጣለህ። ጸጥ ሲል ነበር ተነስቼ ፀጉሬን የማስተካክለው። ልቤ የሚመታው ያኔ ነው።»

ዶክተር ሞተሩን ማጥፋቱን ያስታውሳል፤ የፈሪ ሥራ ስለነበር ግን ለማንም ተናግሮት አያውቅም። እጁን ሰደደና ሞተሩን አጠፋው። ፍሬኑን ለቀቀ። ሞተር ሳይክሏ ቀስ ብላ ቁልቁለቱን ትወርድ ጀመር። ሴንትራል አገጯን ቀኝ ትከሻው ላይ አሳረፈችና፣ በዚያ ሩቅ ላለ ሰው ይሰማ በነበረው ዝግ ባለ የስልክ ድምጿ፣ ስለ ወላጆቿ ቤት በርና ስለ አባቷ፣ ለዚያች ግማሽ ደቂቃ ስትል ስለምትቀይረው ቀሚስ ትነግረው ያዘች። እስከ ታች ድረስ አላቋረጠችም፤ እሱም አንድ ቃል ሳያመልጠው ሁሉንም ሰማት።